ሃምሳ ስምንተኛው ቀን

«ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ ወንድሜ፤ በር ላይ አይቆምም» አለችው ነርሷ፣ የሕፃናቱን ክፍል በር በክርኗ እየገፋች።

ሉልሰገድ በአንድ እጁ የአጥሚት ፔርሙዝ፣ በሌላው ከመድኃኒት ቤት ያመጣውን መርፌ ይዞ ገባ። ሚስቱ ዊንታ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ኤዶም ተኝታለች፤ በአፍንጫዋ የኦክስጅን ቱቦ ገብቶ፣ የደረቷ አጥንት በእያንዳንዱ ትንፋሽ እየተቆጠረ። ከተወለደች ሃምሳ ስምንተኛ ቀኗ ነው። መንትያ ወንድሟ ሚናስ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ቤት ውስጥ፣ ከአያቱ ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጋር ጡጦውን እየጠባ ነው። እሱ ጉንጩ ሞልቶ አገጩ ተደራርቧል።

«ዶክተሩ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር» አለች ዊንታ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳታነሳ። «ልቧ ደክሟል አለኝ። የሚቻለውን ሁሉ እያደረግን ነው አለኝ። ሉሌ፣ አባ ገብረሕይወትን ጥራልኝ።»

ሉልሰገድ ፔርሙዙን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠና ክዳኑን አጠበቀው፤ ድሮም ጠብቆ የነበረውን።

«ለሰማንያዋ ሃያ ሁለት ቀን እኮ ነው የቀራት» አለ።

«ሃያ ሁለት ቀን የላትም።»

«አንቺ ደግሞ አታሟርቺ!»

«ክርስትና ሳትነሳ ብትሄድብኝስ?» አለች ዊንታ። «ፍትሐት የላት፣ የክርስትና ስም የላት። እንደ ዕቃ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ምን ብዬ ልቀበል? እኔ ከዚህ መነሳት አልችልም፤ እናትህ ሚናስን ይዘዋል፤ አባ እንደሆነ ስልክ አይዙም። አንተ ነህ ያለኸኝ።»

«እሺ።»

«አሁን፣ ሉሌ።»

«እሺ አልኩ እኮ!»

ዊንታ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ በእናቷ ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ «ጓለይ፣ ጓለይ»፣ ልጄ፣ ልጄ እያለች ግንባሯን ስትዳብስ ትቷት ወጣ። የግድግዳው ሰዓት ከጠዋቱ አራት ይላል።

መንትዮቹ ወንድና ሴት ሆነው ሲወለዱ ሰፈሩ እልል ብሎ ነበር። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳልና ቤቱ የሁለት ድግስ ቀን ተቆረጠለት። ሚናስ በአርባው ተነሳ። ዊንታ ግን የሴቷ ሰማንያ ስላልሞላ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልቻለችም፤ ኤዶምን ታቅፋ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ውሃው ሲነካው የጮኸውን ልጇን በጆሮዋ ብቻ ሸኘችው። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ሲወጡ «ግማሽሽ ነጻ፣ ግማሽሽ ቀረ» ብለው ቀለዱባት። ያን ቀን ሁሉም ስቆ ነበር። ለኤዶምም ቀሚሷ ተሰፍቶ፣ ክርስትና እናቷ ተለምና፣ ቀኗ ብቻ ይጠበቅ ነበር።

ከሆስፒታሉ እሪ በከንቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሉልሰገድ መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዓይኑን ቢጨፍንም አይስተውም። እግሩ ግን ወደ ሱቁ ወሰደው። ጃንጥላዬን ላንሳ ብዬ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ጠቁሯልና ምክንያቱም ምክንያት ይመስል ነበር።

እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ፈርቶ ነው። አባቱ በታመሙ ጊዜ ካህን ተጠርቶ፣ ቆርበው፣ በዚያው ቀን ማታ አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቄስ የገባበት አልጋ ባዶውን ይቀራል የሚል ነገር በሆዱ ተቀምጦ ቀርቷል፤ ለማንም ነግሮት አያውቅም። ኤዶም ቀን አላት፣ ቀኗ ገና ነው፤ ቀኑ እስከጠበቃት ድረስ እሷም ቀኑን ትጠብቃለች ብሎ ያስባል። ከቀኗ በፊት አባን መጥራት ግን አትደርስም ብሎ መፈረም ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። ሉልሰገድ ደግሞ ያልጠሩት አይደርስም ብሎ ያመነ ይመስል ነበር።

ሱቁ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ የበር ስፋት ያላት ክፍል ናት። ፒያሳ የነበረው ሱቁ ከፈረሰ በኋላ የፎቶ ፍሬም ከሚሸጠው ከዘይኑዲን ጋር ለሁለት ተከራይተዋታል። ሉልሰገድ ማኅተም ይሠራል፣ ዋንጫና ሜዳሊያ ላይ ስም ይቀርጻል። አሁን ጠረጴዛው ላይ አምስት ኪሎ ካለ መዋዕለ ሕፃናት የመጣ ስድሳ ሜዳሊያ ተደርድሯል። ሕፃናቱ ቅዳሜ ካባ ለብሰው ይመረቃሉ።

«ልጅቷ እንዴት አደረች?» አለ ዘይኑዲን መስታወት እየወለወለ።

«ደህና ናት። ትንሽ... ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ጃንጥላው ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ሉልሰገድ አየው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና የስም ዝርዝሩን ገለጠ። አንዱን ብቻ ብሎ «ቃለጽድቅ» የሚለውን ቀረጸ። ብናኙን እፍ ብሎ አራገፈና «ኢክራ» የሚለውን ጀመረ። የመቅረጫው ማሽን ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ሌላ ድምፅ ሁሉ ይሸፍናል፤ ያ ደግሞ ያን ጊዜ የሚፈልገው ነገር ነበር። «ፍስሃ»ን ጨረሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ልጅ አስመረቀ።

ስልኩ ሲጮህ አምስት ሰዓት አልፏል። ማሽኑን አጠፋ።

«አገኘሃቸው?» አለች ዊንታ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አዎ... አዎ፣ መንገድ ላይ ነን።»

«ቶሎ በሉ። ከንፈሯ ጠቁሯል።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘይኑዲን ጨርቁን አስቀምጦ ያየዋል።

«ማንን ነው ያገኘኸው?»

«አባን... የንስሐ አባታችንን። ዊንታ ልጅቷን ያጥምቁልኝ ብላ...» ሉልሰገድ መጨረስ አቃተው። «ቀኗ አልደረሰም እኮ፣ ዘይኑ። በሰማንያ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀራት።»

ዘይኑዲን ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም፣ ወንድሜ» አለው። «እናት ስትለምን ግን አውቃለሁ። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል። ተነስ! ሱቁን እኔ እዘጋዋለሁ።»

ሉልሰገድ ጃንጥላውን ረስቶት ወጣ። ዝናቡ ጀምሯል። የእሪ በከንቱን ቁልቁለት ሲወርድ ሁለት ጊዜ አዳለጠው፤ ሁለተኛው ላይ በእጁ መሬት ነክቶ ተነሳ።

አባ ገብረሕይወት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ዳዊት ይደግማሉ። ጭቃውን፣ እጁን፣ ፊቱን አዩና መጽሐፉን አጠፉ።

«የትኛዋ ናት?»

«ሴቷ፣ አባ። ኤዶም።»

«ስንት ቀኗ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የጠናባት?»

«ከትናንት ማታ።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?» አሉ አባ፣ መስቀላቸውን ከትራስጌ እያነሱ። «ቀን የሚጠበቀው ለጤነኛ ነው፣ ልጄ። የታመመ ሕፃን በሦስት ቀኑም ይጠመቃል። በሌሊት ብትጠራኝ በሌሊት እመጣ ነበር።»

«ጠዋት ቤት ነበሩ?»

«በዚህ ጉልበት የት እሄዳለሁ?»

ከሳጥን ውስጥ መጽሐፋቸውንና ነጭ የማተብ ክር አወጡ። ክሩን በጣታቸው ላይ ጠቅልለው፣ በሌላው እጃቸው የሉልሰገድን ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ታክሲ እስኪገኝ ቆሙ። ታክሲው ውስጥ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ሉልሰገድ የተለመነችው ክርስትና እናት አሁን አትደርስም፣ በእሷ ፈንታ ያቺን ነርስ እለምናታለሁ፣ እምቢ አትለኝም እያለ ያስባል። አሁን ፍርሃቱ ተገልብጦ ነበር። ጠዋት አባ እንዳይደርሱ ነበር የፈራው፤ አሁን የፊተኛው መኪና የቆመባትን እያንዳንዷን ደቂቃ ይረግማል።

ነርሷ ክፍሉ በር ላይ አገኘቻቸው። በዚህ ጊዜ አትቁም አላለችውም።

«ካረፈች ሩብ ሰዓት አይሆንም» አለች ቀስ ብላ።

ቱቦው ወጥቶ ከአልጋው ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። ዊንታ ልጅቷን በሚናስ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋታለች፤ የሕፃኗ አንገት ማተብ የለበትም። አላለቀሰችም። ባሏን አላየችውም። ያየችው አባን ነው።

«አባ፣ መንገድ ላይ ነን ካለኝ አንድ ሰዓት ሆነ» አለች። «ከእሪ በከንቱ እዚህ ድረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል?»

አባ ገብረሕይወት ዞረው ሉልሰገድን አዩት። ጭቃ የነካው እጁን፣ ጥፍሩ ሥር ያለውን የብረት ብናኝ አዩ። ጠዋት ቤት ነበሩ ወይ ብሎ የጠየቃቸውን ያን ጊዜ አስታወሱት መሰለው። ወደ ዊንታ ተመለሱ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ጉልበቴ አላራምድ ብሎኝ እኔ ነኝ ያዘገየሁት። በእኔ ፍረጂ።»

ሉልሰገድ ጆሮውን አላመነም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ካህን መስቀል በእጃቸው ይዘው ለእሱ ሲሉ ዋሹ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝም ቢል ዊንታ አባን ይቅር ትላለች፣ እሱን ታቅፋ ታለቅሳለች፣ ቤታቸው አብረው ይገባሉ፤ ሚናስን አብረው ያሳድጋሉ። ማንም አያውቅም፤ ዘይኑዲን እንደሆነ አፉ አይከፈትም። ማተቡ ከአባ ጣት ላይ ተፈትቶ ጫፉ ወደ መሬት ወርዷል። ሉልሰገድ ክሩን ያዘና ጠቅልሎ መልሶ እጃቸው ውስጥ አስቀመጠው።

«አይደለም» አለ። «አባ ቤታቸው ነበሩ። ጠዋቱን ብሄድ አገኛቸው ነበር። ሱቅ ነበርኩ፣ ዊንታ። ስትደውዪልኝም ሱቅ ነበርኩ።»

ዊንታ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ትሠራ ነበር?»

«የልጆች ስም እየቀረጽኩ ነበር» አላት።