የታጠበው ጠገራ

እናታችን ስታርፍ ሁለት ጠገራ ብር ተወችልን፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለታናሽ ወንድሜ ለበርናባስ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በአንድ ወገን የምኒልክ መልክ፣ በሌላው አንበሳ፤ ሁለቱም እንደ ከሰል የጠቆሩ።

መቃብሯ እንጦጦ፣ ደብራችን ግቢ ውስጥ ነው። ሙት ዓመቷ ሊደርስ ሲል ገና ሐውልት አልቆመላትም፤ ሾላ ገበያ ኮረሪማ እየቸረቸርኩ ከየት ላምጣ? ስለዚህ ተስማማን። የእኔ ጠገራ ተሸጦ ሐውልቱ ይቁም፤ የእሱ ለቤተሰቡ ማስታወሻ ይቅር። ሐውልቱን እኔ ላቆምላት ፈልጌ ነበር። አልጋ ላይ ሳለች ያገላበጥኳት እኔ ነኛ!

ገዢውን ያገኘው በርናባስ ነው፤ ቀበና የሚኖሩ፣ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡ አቶ ሚልኬሳ የሚባሉ ጡረተኛ መሐንዲስ። ብቻውን ሄዶ አነጋገራቸውና ሾላ ድረስ መጣልኝ።

«እትዬ፣ የሚፈልጉት አንድ ብቻ ነው። በደንብ እጠቢው እሺ? ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዲህ የጠቆረ ነገር ይዘን ብንሄድ ያሳፍራል።»

እውነቱን ነው አልኩ። ሰው ፊት ቆሻሻ ማቅረብ እኛ ቤት ነውር ነው። በአመድና በሎሚ እጄ እስኪላጥ ፈተግኩት። ስጨርስ ትናንት የተሠራ መሰለ፤ እናቴን አጥቤ ያለበስኳት ያህል ደስ አለኝ።

አቶ ሚልኬሳ በአክብሮት ተቀበሉን። ጠገራውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«እህቴ፣ ማን ነው ያጠበው?»

«እኔው ነኝ፤ ለክብርዎ ብዬ።»

«ውይ! የእኛ የሰብሳቢዎች ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ዋጋው ያ ጥቁረቱ ነበር። አሁን አንጥረኛ የሚያቀልጠው ተራ ብር ሆኗል።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «በርናባስ፣ ያን ቀን ነግሬህ አልነበር? ውኃ እንኳ እንዳይነካው አላልኩህም?»

ክው አልኩ። ረስቶት ይሆናል ብዬ ፊቱን አየሁት። «ይቅርታ እትዬ» ቢለኝ አምነው ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የራሱ ጠገራ ነው፤ እንደጠቆረ፣ ማንም ሳይነካው።

«ይኸኛው አልታጠበም» አላቸው።

ለማስታወሻ ይቅር የተባለውን ለምን ይዞት መጣ? የእኔ እንደማይሸጥ ስላወቀ ነዋ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ!

አቶ ሚልኬሳ የእሱን ገዙት። ስንወጣ ጭራሽ ገረመኝ አለ። «ምን ያስቆጣሻል? የፈለግሽው ሐውልቱን አይደል? እኔ አቆመዋለሁ።»

አቆመው። እምነበረዱ ላይ ግን «ከልጅዋ ከበርናባስ» ብቻ አስጻፈ።

በሙት ዓመቷ ቀን ዘመድ ሁሉ እንጦጦ ወጥቶ በርናባስን መረቀው። ልጅ ማለት እንዲህ ነው ተባለ። እኔ ጠገራዬን በክር አድርጌ፣ ከነጠላዬ በላይ አንጠልጥዬው ቆሜያለሁ። ፀሐይ ሲያገኘው ዓይን ይወጋል።

«ውይ ዘቢደር!» አለች አክስታችን የማርያምወርቅ። «የእናትሽ ጠገራ እንዴት አምሯል!»

«በርናባስ ነው እጠቢው ያለኝ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ምንም የማያውቁት ዘመዶቻችን ለዚህም ደግመው መረቁት። ከእሱ አፍ ግን አሜን የሚል ቃል አልወጣም።