የቴሌግራም መርዶ

«ለተከበራችሁ የዕድራችን አባላት በሙሉ!» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለማርያም፣ ድንኳኑ መሐል ቆመው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ በኋላ። «የዕድራችን ቋሚ ንብረት የሆነው የትልቁ ማንቆርቆሪያ ክዳን ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ሥራ አስፈጻሚው ጉዳዩን በጥብቅ እየተከታተለው ይገኛል። ያለ ክዳን የሚፈላ ሻይ ለዕድሩም ሆነ ለሮቤ ከተማ ገጽታ የሚመጥን ባለመሆኑ፣ ክዳኑን የወሰደው ወገን በሰላማዊ መንገድ እንዲመልስ ጥሪያችንን እናቀርባለን።»

ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ።

«ሁለተኛ» አሉ አቶ ተክለማርያም፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለቅሶ ደራሾች በሁለቱም በኩል ‹እግዚአብሔር ያጥናችሁ› ማለት እንዳትዘነጉ። ባንዱ በኩል ብቻ ብሎ የሚወጣ ሰው ቅሬታ እያስነሳ ነው።»

ድንኳኑ ሁለት ጫፍ ነበረው። በበሩ በኩል ባለው ጫፍ ታላቅየው ፍቅረሥላሴ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። በጓዳው በኩል ባለው ጫፍ ታናሹ ጌታነህ ሌላ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ገብቶ ለፍቅረሥላሴ ያጎነብሳል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ከዚያ እንደ አዲስ መጤ ፊቱን አጨማዶ ድንኳኑን ያቋርጥና ለጌታነህ ያጎነብሳል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ምልልሱ ሰለቻቸውና መሐል ላይ ቆመው፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ «ለሁላችሁም!» ብለው ወጡ።

የሞተችው እህታቸው ማናልበሽ ናት። ሥራዋ ደግሞ ማስታረቅ ነበር።

ይህን ሮቤ ውስጥ ያላነሳው ሰው የለም፤ የሚያነሳው ግን ከድንኳኑ ውጪ፣ ባጃጅ እየጠበቀ ነው። ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ባንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥራ፣ ሲጋደሉ የኖሩ ጎሳዎችን ባንድ ዛፍ ጥላ ሥር ስታስቀምጥ ዓመታት ቆየች። በመጨረሻ ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጣና እዚያው አረፈች። አስከሬኗ በአውሮፕላን ሮቤ ደረሰ፣ ተቀበረች። ዛሬ ሠልስቷ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡት የድርጅቱ ሰዎች አርማ ያለበት ሰደርያ ለብሰው ተርታ ተቀምጠዋል። ከሳኔቲ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ድንኳኑን ባርገበገበው ቁጥር ሰደርያውን ይቆልፉታል። አለቃቸው መሸሻ የሚባል ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ሊናገር ተነሣ።

«ማናልበሽ የባለድርሻ አካላትን የመቻቻል አቅም በዘላቂነት ከመገንባት አኳያ፣ እንዲሁም የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን ከታች ወደ ላይ ከማቀናጀት አንጻር...»

አቶ ተክለማርያም በአድናቆት ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዴ ዙቤዳ ግን ወደ ፍቅረሥላሴ ጠጋ አሉ። አዴ ዙቤዳ አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ናቸው፤ ሦስቱንም ልጆች ከራሳቸው ልጆች ለይተው አላሳደጉም። ከመርዶው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በጮጮ ወተት ይዘው እየመጡ እስኪመሽ እዚያው ይውላሉ።

«ምን ይላል፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች ነው የሚለው።»

«ታዲያ እንደዚያ አይልም? ወላሂ፣ የሚከሳት መስሎኝ ነበር እኮ!»

ፍቅረሥላሴ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ጌታነህ ሄደ። ጌታነህም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን እያፈነ ነበር። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ።

የተጣሉት በመርዶ ነው። እናታቸው በሞቱ ጊዜ ማናልበሽ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የስደተኞች ጣቢያ ነበረች። ፍቅረሥላሴ ቤተሰቡን ሰብስቦ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጠ። ማንም አይነግራትም። ለዕረፍቷ ስትመጣ በወጉ ትረዳለች፤ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሎችና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አዴ ዙቤዳ ባንድ ወገን እሱ በሌላው ወገን ይዘዋት። «ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ይይዛታል?» አለ። ሁሉም እሺ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ጌታነህ ነገራት። በቴሌግራም። በድምፅ መልእክት።

«እናቷን በቴሌግራም ያረዳ!» እያለ ፍቅረሥላሴ ጎባ ድረስ ላለ ዘመድ ሁሉ ከሰሰ። ጌታነህም መልስ ነበረው። «በየቀኑ ‹እማዬን አገናኘኝ› ትለኛለች። ስንት ጊዜ ተኝታለች ልበላት? ስንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ልበላት? የሞተች እናቴን እየቀሰቀስኩ ቤተ ክርስቲያን ልላክ?» ይህን የተናገረው ለሽማግሎች ነው፤ ፍቅረሥላሴ በቀጥታ ሊሰማው አልፈለገም።

ማናልበሽ በየበዓሉ ለሁለቱም ለየብቻ ትደውላለች።

«ፍቅሬ፣ ሁለት ጎሳ ካንድ ወንዝ አጠጥቼ መጣሁ እኮ። ሁለት ወንድም ካንድ ገበታ ማቅረብ ሊያቅተኝ ነው?»

«እነሱ እናታቸውን በቴሌግራም አላረዱም!»

«የእነሱን ጉድ አንተ ምን ታውቃለህ» ትለውና ትስቃለች። ስልኩ ውስጥ ሳቋ ቆይቶ ነበር የሚደርሰው፤ እሱ ሌላ ወሬ ከጀመረ በኋላ።

የእሷን ሞት ሲረዳ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በወጉ ሆነ። ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ተክለማርያም፣ አዴ ዙቤዳና የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተሰልፈው ቆመዋል። ገና ሲያያቸው ገባው፤ ከግራና ከቀኝ ያዙት። ድርጅቱ የደወለው ለጌታነህ እንደነበር፣ ሽማግሎቹን አንድ በአንድ የሰበሰበውም እሱ እንደሆነ፣ ፍቅረሥላሴ እስኪረዳ ድረስም ከአጥሩ ውጪ ቆሞ እንደነበር በኋላ ሰማ። እንከን ፈለገበት። አጣበት። ይህም አናደደው።

መሸሻ ንግግሩን ጨርሶ ሲቀመጥ፣ አዴ ዙቤዳ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን ሰቢሪናን በክርናቸው ነካ አደረጓት። ሰቢሪና ነርስ ናት። ማናልበሽ ናት እዚያ ያስቀጠረቻት፤ አስከሬኗንም ይዛ የመጣችው እሷ ናት።

«አንቺ ንገሪያቸው እስቲ። እሱ እንግሊዝኛውን ተናገረ። አንቺ ያየሽውን ተናገሪ።»

«አማርኛ ነው የተናገረው፣ እማ።»

«ይሁንለት። ንገሪ።»

ሰቢሪና ሻሿን አስተካከለች። 

«የወንዝ ዳሩን ቀን ነው የምትዪኝ? እሱን ወንድሞቼ ይደነግጣሉ ብላ አስምላኝ ነበር።» «እህል የጫነ ጀልባ ደረሰ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። በዚህኛውም በዚያኛውም በኩል ጎረምሶች መሣሪያ ይዘው መጡ። ከብት ተዘርፎ ነበር፣ ሰውም ሞቷል። እኛን የጣቢያው ዘበኞች ‹ወደ መጠለያው ግቡ፣ ሊጀመር ነው› አሉን። ገባን። ዞር ስል ማናልበሽ የለችም። በቀዳዳ አየሁ። የሸራውን ዘንግ ነቅላ መሐላቸው ገብታለች። ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀጥ ብላ። ልክ እንደ እናቴ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ የባሌ ሰው ሁሉ ገባው። ማናልበሽ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ በገሰራ በኩል በግጦሽ ወሰን የተጣሉ ገበሬዎች ዱላና ጦር ይዘው የተሰለፉ ጊዜ፣ አዴ ዙቤዳ ሲንቄያቸውን ይዘው ከሌሎች ሴቶች ጋር ወጥተው ነበር። ሲንቄ ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። ሴት ሲንቄ ይዛ መሐል ከገባች ወንድ አልፏት አይሄድም። ማናልበሽ የአዴ ዙቤዳን ቀሚስ ጨብጣ ተከትላ ሄዳ፣ ያ ሁሉ ወንድ ዱላውን መሬት ሲያስቀምጥ አይታለች።

«እዚያም አገር ሲንቄ አለ ማለት ነው?» አሉ አቶ ተክለማርያም።

«የለም። ዘንጉ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ረስታው ነው።»

«ምኑን?»

«ባሌ ውስጥ አለመሆኗን።»

 ሻይ የሚያድለው ሰው ብርጭቆ እንዳንጠለጠለ ቀረ። አዴ ዙቤዳ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ከዚያስ?» አለ አንድ ሰው።

«ቆሙ።»

«እንዴት ቆሙ?»

«እኔ እንጃ። ቆሙ። እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ያህል ጠመንጃ... በኋላ ላይ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅናቸው። ‹ሴት ልጅ እንዲህ አድርጋ የምትቆመው እኛ የማናውቀው ነገር ከኋላዋ ቢኖር ነው ብለን ነው› አሉ። ከኋላዋ እኮ ጭቃ ብቻ ነበር። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ተያዩ፣ ቀጥሎ የኋለኞቹ መሄድ ጀመሩ። እህሉ ታደለ። የዚያን ቀን አንድም ሰው አልተቀበረም።»

መሸሻ ሰደርያውን ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። «እኛ ሪፖርት ላይ ‹ውጥረቱ በማኅበረሰብ አቀፍ ውይይት ረግቧል› ነው ያልነው» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

ፍቅረሥላሴ ቀና አለ፤ የወንዝ ዳሩ ጣቢያ እናታቸው የሞቱ ጊዜ የነበረችበት መሆኑ ትዝ ብሎት ነበር። «ምን ለብሳ ነበር?»

ጥያቄው ለሰዉ እንግዳ ሆነበት። ሰቢሪና ግን የጠበቀችው ይመስል አየችው።

«ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር፣ ጋሼ ፍቅሬ።»

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው።

«ጠዋት የጌታነህን መልእክት ሰምታለች» አለች ሰቢሪና፣ ወደ ድንኳኑ ሌላኛው ጫፍ ሳታይ። «ለማንም አልተናገረችም። ሁሉም ካለፈ በኋላ ‹አብደሻል እንዴ? ምን አስገባሽ?› ብዬ ጮህኩባት። ‹ዛሬ እማዬ ሞታለች› አለችኝ። ‹ዛሬ ለቅሶ ላይ ነኝ። እኔ ለቅሶ ላይ ሆኜ ፊቴ ማን ይገዳደላል?› ባትሰማ ኖሮ፣ ጋሼ፣ ከእኔ ጋር መጠለያው ውስጥ ነበረች። እሷም ባልገባች ነበር፣ እነሱም ባልቆሙ።»

ጌታነህ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነበር።

ፍቅረሥላሴ ከዚያ በላይ መጠየቅ የፈራ ይመስል ነበር። ግን ጠየቀ፤ ከእናቱ ሞት ጀምሮ ይዞት የኖረ አንድ ጥያቄ ነበር።

«ብቻዋን ነው ያለቀሰችው?»

«አይ። እኔ ለአስተርጓሚዋ ነገርኳት፣ አስተርጓሚዋ ለሴቶቹ። መጡ። የዚህኛውም የዚያኛውም ወገን ሴቶች፣ ቀን ሲተያዩ ሊገዳደሉ የነበሩት ሰዎች እናቶች። አንዲት ቃል አማርኛ አያውቁም። ዙሪያዋን መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ ሆነው ይዘዋት አደሩ።»

«ያ አላህ» አሉ አዴ ዙቤዳ። «ያ አላህ፣ አንተ ታላቅ ነህ።»

 አቶ ተክለማርያም እንኳ ዝም አሉ፤ ይህም በዕድሩ ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ነው። ውጪ ባጃጅ አለፈ። ንፋሱ ሸራውን አነሣው፣ ጣለው።

ምሳ ደረሰ። አንዲት ልጅ የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግና ሳህን ይዛ እንደ ወጉ ከሽማግሎቹ ልትጀምር ጎንበስ ስትል፣ ፍቅረሥላሴ ተነሥቶ ከእጇ ተቀበላት። ልጅቷ ደነገጠች። እሱ አቶ ተክለማርያምን አለፈ። ሰደርያ የለበሱትን አለፈ። ድንኳኑን አቋርጦ ሄደ። ስንት ለቅሶ ደራሽ ጎንበስ ቀና እያለ የተመላለሰበት ያ መሐል፣ ለእሱ በጣም ሰፊ መሰለው። ጌታነህ ፊት ሲደርስ በርከክ አለ።

በዚህ ቤት ታናሽ ለታላቅ ያስታጥባል እንጂ ታላቅ ለታናሽ አስታጥቦ አያውቅም።

«እጅህን» አለ ፍቅረሥላሴ።

ጌታነህ እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አወጣ። ፍቅረሥላሴ ውሃውን አፈሰሰ። እጆቹ ታጠቡ፤ እሱ ግን ማፍሰሱን አልተወም። ሳህኑ ሞላ፣ ውሃው በጠርዙ ፈሶ የፍራሹን ጫፍና የራሱን ሱሪ ጉልበት አራሰው። ጌታነህ እጆቹን አልሰበሰበም። ጆጉ ባዶ እስኪሆን ድረስ እንዲያ ቆዩ፤ ባዶ ከሆነም በኋላ ፍቅረሥላሴ ጆጉን እንዳዘነበለ ነበር።

መሸሻ ስልኩን ይዞ በጥንቃቄ ተጠጋ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሥራው ግን ሥራ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለመማማር ያህል ነው። እዚህ ውሳኔ ላይ ያደረሳችሁ ሂደት ምን እንደነበር፣ ባጭሩ፣ ቢነግሩን?»

«አልናገርም» አለ ፍቅረሥላሴ።