ካምቢዮ ላይ ያለው እጅ

ሰዒድ የራሱን ከባድ መኪና ሊገዛ ሲነሳ ሞተር እንዳይለት የወሰደው እኔን ነው። እንድርያስ እባላለሁ፤ ሆሳዕና ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የመኪና ሆድ ስከፍት ኖሬያለሁ። ሰው ብዙ ጊዜ አታልሎኛል፣ ሞተር ግን አታልሎኝ አያውቅም እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ነበር፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

ሰዒድ ራሱ ግን ሞተር ማየት ትቶ ቀጥታ ረዳት ወንበር ላይ ይወጣል። ጃጁራ አንድ ቀይ ተሳቢ ልናይ ሄድን። ናፍታ የማያበዛ፣ ዘይት የማያንጠባጥብ፣ ንጹሕ ሞተር ነው። በደስታ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ቀና ስል፣ ሰዒድ ረዳት ወንበር ላይ አንድ እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ጉልበቷን እያየሁላት ነው፣ ጋሼ። ወንበሩ ድንጋይ ነው፤ እዚህ ላይ ሞጆ እንኳን አትደርስም።»

ጉልበቷን ያለው የሚስቱን የረምላን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ባጃጅ ተገልብጦባት የግራ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ቀርቷል። ያን ቀን ሰዒድ የሰው መኪና ይዞ ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ ሆስፒታል የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። አምና ደግሞ ብቸኛ ልጃቸው ሱምያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ቤቱ ጭር አለ። ረምላ ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም። አንድ ጠዋት ግን ባሏ ለጉዞ ጫማውን ሲያስር በሩ ላይ ቆማ፣ «ከእንግዲህ ወይ ይዘኸኝ ትሄዳለህ፣ ወይ መሪውን ትተዋለህ» አለችው።

መሪውን ትቶ ምን ይሠራል? አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ሚስትህን ጭነህ ሂድ የሚል ቀጣሪ ደግሞ የለም። ስለዚህ ያለውንና ወንድሞቹ ያዋጡለትን ይዞ መኪና ፍለጋ ወጣ። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ወንበሩ የረምላን ጉልበት የሚችል፣ ናፍታውም እንጀራቸውን የማይጠጣባቸው። ናፍታ የሚጠጣ መኪና ከገዛ ዓመት ሳይሞላው ሸጦት እሱ ወደ ሰው መኪና፣ እሷም ወደ ባዶ ቤቷ ይመለሳሉ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ነጩን ያገኘነው ዱራሜ ነው። ባለቤቱ አቶ ተገኘ የሚባሉ፣ እድሜ ተጫጭኗቸው ንግዱን ሊተዉ የተዘጋጁ ሰው ናቸው። የነጩ ወንበር በአየር ከፍ ዝቅ ይላል፣ መርገጫው ለእግር ቅርብ ነው፣ ከወንበሮቹ ኋላ ደህና አልጋ አለው። ሰዒድ እንደ ልማዱ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ቆየ። ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ይሄ ጋቢና ነው ሳሎን?» አልኩ እኔ። «እንዲህ የሚመች መኪና ናፍታ ሳይጠጣ አይቀርም።»

አቶ ተገኘ አልተቀየሙኝም። «ሆሳዕና የማደርሰው ስንዴ አለኝ፤ ሁለት ጉዞ ነው። ራሳችሁ ንዱትና ለኩት» አሉን።

ልኬቱ ቀላል ነው። ሰልባትዮውን፣ የናፍታ ታንኩን፣ ዱራሜ ላይ እስከ አፉ ትሞላለህ፤ ሆሳዕና ስትደርስ መልሰህ እስከ አፉ ትሞላለህ። የጨመርከው የጠጣው ነው። ማክሰኞ ስንዴውን ጭነን ተነሳን። ከአንጋጫ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር የሰዒድ ቀኝ እጅ ካምቢዮውን ነካ አደረገውና ማርሹ ወጣ። መኪናው በፎሌ፣ በገዛ ክብደቱ ብቻ እየተንከባለለ ወረደ። ተቀጣሪ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ በፎሌ ወርዶ ያተረፋት ናፍታ የእሱ ጥቅም ናት። ሰዒድ ስለ ሱምያ ፈተና እያወራኝ ነበር። ወሬውን አላቋረጠም፤ እጁ ምን እንደሠራ እሱ ራሱ አላወቀም። ቀጣዩም ቁልቁለት ላይ እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም ላይ እንደዚያው። እኔ ፈሪው ደግሞ ዝም አልኩ።

ሆሳዕና ስንደርስ ረምላ ማደያው ጋ ምርኩዟን ይዛ ትጠብቀን ነበር። ወረፋው ረጅም ስለሆነ እስከዚያ መኪናውን ልየው አለች። ደህናውን እግሯን መርገጫው ላይ አስቀደመች። ሰዒድ ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወኝ!» ብላ ራሷ ወጣች። ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ቁልፉን ስትጫነው ወንበሩ እፍ ብሎ ዝቅ አለ። ሳቀች። ከባጃጁ አደጋ ወዲህ የረምላን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወረፋችን ደርሶ ሲሞላ ሃያ አራት ሊትር ብቻ ገባ፤ ሰዒድ አቅፎኝ ከመሬት አነሳኝ።

በዚህ መሃል ምን ብዬ ልናገር? ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። አርባ ቶን ጭኖ የጅቡቲን መንገድ በፎሌ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን አቃጥሎ ገደል ነው የሚገባው፣ ያውም ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ። በማርሽ ከወረደ ደግሞ የበለጠ ይጠጣልና ያ ሃያ አራት ሊትር ውሸት ነው። በነጋታው በጠዋት ቤታቸው ሄጄ እቅጩን ነገርኳቸው።

«እኔ? በፎሌ?» አለ ሰዒድ። ተቆጣ፤ ከዚያ ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው። «ወላሂ ጋሼ፣ ትዝ አይለኝም።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ነው። አልፈርድብህም።»

ሰዒድ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔም ምላሴ በተቆረጠ ብዬ ተመኘሁ። ረምላ ግን አላለቀሰችም።

«የትኛው እጁ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቀኙ ነዋ፤ ካምቢዮው በቀኙ አይደል?»

«እንግዲያው በእኔ በኩል ያለው ነው። በሁለተኛው ጉዞ እኔም እመጣለሁ።»

ነጩን አቶ ተገኘ ረቡዕ ዕለት ወደ ዱራሜ አስመልሰውት ነበርና፣ ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ ወረድን። ያንኑ ያህል ስንዴ ጫንን፣ ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞላን፣ ረምላ ወንበሯ ላይ፣ እኔ ከኋላ አልጋው ላይ ሆንን። አንጋጫን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር የሰዒድ እጅ ወደ ካምቢዮው ሄደ። ረምላ ወደ ግራዋ ተጠግታ፣ ክንዷን የቻለችውን ያህል ዘርግታ፣ እጇን እጁ ላይ አደረገች። አልጎተተችውም። እጁ ቆመ። መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ እያጉረመረመ በዝግታ ወረደ። ሠላሳ ሊትር ሳይጠጣ አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ዓይኔንም ጨፍኜ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አንድ ቀን እንኳን እኔን ተሳሳች አድርገኝ» ብዬ ጸለይኩ።

ማደያው ላይ ሃያ ሦስት ሊትር ገባ።

አላመንኩም። ሰልባትዮው ውስጥ አየር ታፍኖ ይሆናል ብዬ ጎኑን በእርግጫ መታሁት፣ እንደገና አስሞላሁ። አንዲት ጠብታ አልጨመረም። አዲስ አበባ አዳዲስ መኪኖች ላይ ለሚሠራው ለሲላስ ደወልኩ፤ ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከት ብሎ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር በማርሽ ቁልቁለት ሲወርድ ናፍታውን ራሱ ይዘጋዋል። በፎሌ ሲሆን ነው እንዳይጠፋ ብሎ የሚጠጣው።» ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን አልነገረኝም። አፈርኩ፣ እንደዚያን ቀን ግን በማፈር ተደስቼ አላውቅም። ሰዒድና ረምላ ነጩን ገዙ።

ባለፈው ወር ለሦስተኛ ጉዟቸው ሲነሱ እስከ ወራቤ አብሬያቸው ሄድኩ፤ መለዋወጫ ላመጣ ነበር። ረምላ ስለ ሚሌ ሙቀት ስታወራልኝ ያቺ ዝምተኛ ሴት መሆኗን ተጠራጠርኩ። ከዚያ አንድ ቁልቁለት መጣ። የሰዒድ እጅ ካምቢዮው ላይ አርፎ ተቀምጧል፤ ፎሌን ጭራሽ ረስቶታል። የረምላ እጅ ግን ከላዩ ነበር።

«ረምላ፣ እጁ እኮ ተምሯል» አልኳት። «ብትለቂውም አይሳሳትም።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ ሳትዞር። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ግን ይሄ እጅ አሁን የት ደርሶ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ማርሽ ቀይርልኝ እያለ ጮኸ፤ ሰዒድ ግን እጁን ከእጇ ሥር ለማውጣት ዘገየ። ሌላ ሹፌር ቢሆን ያን ሞተር እንዲያ ሲያስጮኸው አልምረውም ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።