ለአሮጌው ስድስት ጎራሽ የሚሆን ጥይት

«ከፈለ አሌክሳንድሪያ ታየ አሉ።»

ሶሊ ይህን ወሬ ሳትይዝ ሥራ የገባችበት ሳምንት የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ፀጉር ቤት ወንበሯ ከመዓዛ ወንበር ጎን ነው፤ ወሬው በየሳምንቱ ሥጋ ይጨምራል። መጀመሪያ ነዳጅ ማደያ ታየ። ቀጥሎ ስለ መዓዛ አድራሻ ጠየቀ። አሁን ደግሞ «እሷን ሳልቀብር ጢሜን አልላጭም ብሎ ምሏል አሉ።»

«ታዲያ እስካሁን በጢሙ ተጠልፎ አልወደቀም?» አለች መዓዛ፣ ከያዘችው ሹሩባ ቀና ሳትል።

አፏ ይቀልዳል እንጂ ሆዷ ያውቃል። ከፈለ ባሏ ነበር። መንጋጋዋን በካውያ ሰብሮ ታስሮ ወጥቷል፤ እሷ ዛሬም ሥጋ ስታኝክ አጥንቷ ቀጭ ይላል። ፍርድ ቤት እንዳይጠጋት አዟል። ወረቀት ግን ካውያ አይመክትም።

ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ወርዳ የአባቷን ባልንጀራ ጋሽ ወልደአምላክን ሽጉጥ ለመነች። እሳቸው የድሮ መሣሪያ ይሰበስባሉ። ያወረዱላት ስድስት ጎራሽ በባሩድና በድብልብል እርሳስ እየተጠቀጠቀ ይተኮስ የነበረ ነው። የሚሽከረከረው የጥይት ማጉረሻው፣ ሲሊንደሩ፣ ተቀይሮ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጎርስ ተደርጓል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ይሄ እንደ እኔ ነው። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ጥሬ ሥጋ አያጎርሱትም። ለስላሳውን ጥይት ብቻ ስጪው፤ የካውቦይ ውድድር የሚተኩሱበትን። ኃይለኛውን ካጎረስሽው ጠላትሽን ትቶ አንቺን ይበላል።»

«አይስጉ፣ አንብቤ ነው የመጣሁት» አለች። እውነቷን ነበር። የጨው ማሸጊያ እንኳ ሳታነብ የማትገዛ ሴት ናት። የጥይቱን ሳጥን ፎቶ ለወንድሟ ለአበጀ ላከችለትና ደወለችለት።

«ይህንኑ። ሌላ እንዳታመጣ።»

«እሺ እመቤት! ጥይት እንደ ሽንኩርት ይመረጣል እንዴ?»

አበጀ መሣሪያ ቤት ገብቶ ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን አየ። የጥይቶቹ ውፍረት እኩል፣ ቁጥራቸው እኩል። አንዱ ለጨዋታ፣ አንዱ ድብ ለሚያድን ሰው። ወንድም ለእህቱ ደካማውን ይዞ ሲመጣ ታየው፤ አፈረ። የድቡን ገዛ። ቤት ሲገባ ሽጉጡን ራሱ አጉርሶ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

«ያልኩህን ነው?»

«መዓዚ ትሙት!»

በስሟ የማለን ወንድም ክፈትና አሳየኝ ማለት ነውር ነው። አልከፈተችም።

ከፈለ የመጣው እሁድ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው፤ መዶሻ ይዞ። ጢሙን ተላጭቷል። በሩን በእርግጫ ሲገነጥለው አበጀ ከሶፋው ተወርውሮ አነቀው። መዶሻው የአበጀ ትከሻ ላይ አረፈ፤ አጥንት ሲደቅ ተሰማ። ደገመው። ሦስተኛው ለራስ ቅሉ ሲነሳ መዓዛ ሽጉጡን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«ከፈለ! ወዲህ ዙር!»

ዞረ። ሳቀ። «በዚህ ልታስፈራሪኝ? ይሄ ከአባትሽም ያረጀ ነው!»

ምላጩን ሳበች።

ቤቱ ነጭ ሆነ። ሲሊንደሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ጣሪያ ውስጥ ተሰካ። ከፈለ ጭኑን ይዞ ወደቀ፤ በደረጃው እየተንፏቀቀ ወርዶ ፓርኪንጉ ላይ ፖሊስ አገኘው። መዓዛ እጇን ስታይ ሁለት ጣት የለም። አበጀን ስታይ ደግሞ የብረቱ ስባሪ አንገቱ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ ልብ በመታ ቁጥር ይፈናጠራል።

በቀሩት ጣቶቿ ጫነችው።

«የድቡን… ገዛሁልሽ» አለ። «ለስላሳው… ላንቺ አይመጥንም ብዬ።»

ሕመሙ፣ ንዴቱ፣ ፍርሃቱ በአንድ አፍ ወጣ። «አንተ ነህ የበላኸኝ! በስሜ ምለህ! ወንድም የለኝም፣ ሰማህ? የለኝም!»

ሰማት። ዓይኑ ፊቷ ላይ እንደቀረ አምቡላንሱ ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶ ደራሽ በተቀመጠበት ሁሉ መዓዛ አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ ያልኩትን ጥይት ቢገዛ ኖሮ። ጋሽ ወልደአምላክም አንገታቸውን ደፍተው «አዎ ልጄ፣ ለስላሳውን ቢሆን» ይሉ ነበር። በአርባው ማግስት የፖሊስ የመሣሪያ መርማሪዋ አስጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ የተሰባበረው ሽጉጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር።

«ጥይቱ ነው» አለች መዓዛ ሳትጠየቅ። «ወንድሜ ኃይለኛውን ገዝቶ ነው።»

መርማሪዋ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች፤ ስባሪውን ወደ መብራቱ አዞረችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ ቡናማ መስመር አሳየቻት።

«ይህ ሲሊንደር እርስዎ እጅ ሲገባ የተሰነጠቀ ነበር። የመረጡትን ለስላሳ ጥይት ቢያጎርሱትም ይፈነዳ ነበር። የዚያኑ ዕለት ስናነሳው ስንጥቁ ውስጥ ዝገት ነበር፤ ዝገት ደግሞ በአንድ ቀን አይገባም።»