ያልተነበበላቸው ጥያቄ

«ሁለት ሰከንድ! በዚህ ውስጥ ጥያቄው ተነብቦ እንኳ አያልቅም» አለች ሶሊያና፣ ላፕቶፑን ወደ ጓደኛዋ ወደ ናጃት አዙራ።

ናጃት ጉበይራ በሚባለው የዓረብ አገር ሰፈር ከአምስት ሴቶች ጋር በምትጋራው ክፍል፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች። ቀና አላለችም።

ሶሊያና በዚያው ከተማ ራውዳ ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ እያሳደገች፣ አራት ዓመት ሙሉ ስታትስቲክስን በስልኳ ብቻ የተማረች ናት። ለድርጅቶች ጥናት የሚሠራው ኢንጂነር ደበበ ስለ ቤት ሠራተኞች የኦንላይን መጠይቅ ሲያሰራጭ፣ ሰዎች እንዴት እንደሚሞሉት የሚያሳይ ሞዴል እንድትሠራለት ጠየቃት፤ የቱ ጋ እንደሚዘገዩ፣ የቱ ጋ መልስ እንደሚቀይሩ፣ የቱ ጋ ሰልችቷቸው እንደሚተዉት። በሪፖርቱ ላይ ስሟ ከስሙ ቀጥሎ ይሰፍራል። «ዲግሪሽ የታለ?» ላሏት ሁሉ አፍ ማዘጊያ አገኘሁ ብላ ነበር።

ማንበብ ለማይችሉ ሠላሳ አንድ ሴቶች በስልኳ እያነበበች የሞላችላቸው ናጃት ናት። ሞዴሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሷ ታነባለች፣ ሴትየዋ ታስባለች፣ ለአንድ ጥያቄ ሠላሳ ሰከንድ፣ አንዳንዴም አርባ። «ፓስፖርትሽ በራስሽ እጅ ነው?» የሚለው ላይ ግን ሠላሳ አንዱም በሁለት ሁለት ሰከንድ አልፈዋል። ሠላሳ አንዱም «አዎ» ብለዋል።

ሶሊያና ስንፍና ነው ብላ ስድቧን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ናጃት ግን አልተከራከረችም። ያቺን ጥያቄ ሳታነብላቸው «አዎ» ብላ እንድትሞላ ያዘዛት ራሱ ደበበ መሆኑን ነገረቻት፤ ጥናቱን የሚያሠራው ሠራተኛ አስመጪ ድርጅት ሌላ መልስ አይወድም።

«ታዲያ ሞዴሉን ለምን ለእኔ ሰጠኝ?»

ናጃት ያጣጠፈችውን ሻርፕ መልሳ ዘረጋችው። «ሶሊያና ታውቅብናለች ብዬው ነበር እኮ። ሳቀ። በስልክ የተማረች ልጅ ቆንጆ ግራፍ ከመሥራት አታልፍም አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ሳቅሁ፣ እህቴ።»

ለደበበ ንቀት የሶሊያና ምላስ ያውቅበታል፤ ለእሱ የሚሆን ቃል አያልቅባትም። የናጃት ሳቅ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ኮርሷን የጨረሰች ዕለት ከእሷ ቀድማ እልል ያለችው ናጃት ነበረች።

ከደበበ መልእክት ገባ። ስምሽን አስገብቻለሁ፣ ሪፖርቱን ከመግሪብ ሶላት በፊት ላኪልኝ ይላል። አልመለሰችለትም። ባዶ መጠይቅ ከፈተች።

«ያላ፣ ልብሱን ተይውና ስሚኝ። ፓስፖርትሽ በራስሽ እጅ ነው?»

የናጃት እጆች ሻርፑ ላይ ቀሩ። ሶሊያና ሰከንዱን መቁጠር አልፈለገችም፤ ግን ቆጠረች። ሠላሳ ላይ ስትደርስም ናጃት ገና «አዎ» አላለችም።