በጫማ የተረገጠው መድረክ

ሻሊኒ ከአሥራ አንድ ዓመት የውጭ አገር ኑሮ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዋ የተመለሰችው የአባቷን ቲያትር ቤት ለማዳን ነው። የከተማው ሹማምንት እሁድ የሚያዩትን ዳንስ ካልወደዱት ቤቱ ይፈርሳል። ለመጀመሪያው ልምምድ እየተጣደፈች መድረኩ ላይ ስትወጣ ጫጫታው ሁሉ ቀጥ አለ።

«በጫማሽ?» አሉ ከበሮ መቺው ሽማግሌ፣ ጎቪንድ። «ውጭ አገር ጫማ አውልቀው መድረክ አይሳለሙም እንዴ፣ እመቤት?»

ሻሊኒ ክው አለች። ዳንሰኞቹ የእግር ቃጭላቸውን መፍታት ጀምረዋል። እነሱ ከሄዱ ዳንስ የለም።

ጫማዋን አውልቃ በግንባሯ ወለሉን ነካች፤ ቀና ማለት ግን ፈራች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ረስቼው ነው።»

ጎቪንድ ከበሯቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ።

«አባትሽ ቢኖር በኩርኩም ነበር የሚልሽ» አሉ በመጨረሻ። «ተነሺ፤ ቃጭልሽን እሰሪ።»

ዳንሰኞቹ የፈቱትን መልሰው ሲያስሩ እሷ ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ሳተችው።