መብሳት ክልክል ነው

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ጋሼ» አለ የክሬኑ ሾፌር፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ። «ያ መንገድ እንኳን ለመኪና ለአህያም አይበቃም። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል። እዚያ ላይ መኪና የሚያዞር ጤነኛ ሰው አለ?»

ሽማግሌው አልፈረደም። ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት ወንበሮች የመጨረሻው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ይለዋል። አርባ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን ከኪሱ ሽቦ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው፤ ደግሞም ራሱ እንደ ሽቦ ቀጭን ነው። ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ ይባል እንጂ አባታቸው ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርና አሳድጎ ለወግ ያበቃው እሱ ነው።

«ጤነኛማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አለ የሟች ሚስት ወንድም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያደረገው ሁሉም እንዲሰማው ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን አንዳንዱ ተውኩ ይላል እንጂ አይተውም።» አውራ ጣቱን ወደ አፉ ደፋ አደረገ።

ለቀስተኛው አንገቱን ነቀነቀ። አንዷ ሴትዮ «ነፍሱን ይማረው» አለች፣ የሰማችውን እንደተቀበለች ሰው።

መኪናዋ ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ክሬኑ ትናንት ነው ጎትቶ ያመጣት። ፊቷ ተጨማዷል። ከኋላዋ ግን፣ በግራው ጥግ፣ አንቴናው ምንም ሳይነካው ከሸራው ሥር ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

«ይሄስ?» አለ የክሬኑ ሾፌር። «ለምን ጥግ ላይ ተተከለ? እኔ የማየው ሁሉ ጣራው መሃል ላይ ነው።»

«ሠሪው አጠገብህ ተቀምጧል፤ ጠይቀዋ!» አለው የሚስት ወንድም።

ጋሽ ሽቦ ሻዩን አነሳ። በርዷል። ጠጣው።

መኪናዋ የተገዛች ሰሞን ወንድሙ የሱቁ በር ላይ አቁሞ ጡሩንባዋን አስጮኸ። «ጋሼ! ውጣና እያት፤ ሙሽራ ናት!»

ወንድምየው የመሬት ቀያሽ ነበር። ስልክ በማይሠራበት ተራራና ሸለቆ ሳምንታት ይከርማል። ልጅ ሆኖ በዚያ ሱቅ ያፍር ነበር፤ ልብሴ የብየዳ እርሳስ ሸተተ እያለ ያኮርፋል። ያን ቀን ግን ራሱ መጥቶ ሬዲዮ ግጠምልኝ አለ። ጋሽ ሽቦ ደስታውን አላሳየም። በሬዲዮ ለመነጋገር ፈቃድ ያስፈልጋልና ፈተናውን አብረው ተቀመጡ። ታናሽየው በሦስት ነጥብ በለጠው፤ ዓመቱን ሙሉ «በሦስት ነጥብ የምበልጥህ ወንድምህ ነኝ» እያለ በሬዲዮ ሲያበሽቀው ኖረ።

ሥራውን አንድ እሁድ ጀመሩ። ጋሽ ሽቦ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው አወጣ፤ ሞተሩ ቢጠፋም ሬዲዮው እንዲሠራ ብሎ። በሁለቱም ሽቦ ላይ ፊውዝ አስገባ። ብረት እንዳይበላው የገመዱን ማለፊያ በጎማ አለበሰ። ሬዲዮውን ከወንበሩ ሥር አሰረ፣ ማይኩን በሾፌሩ ቀኝ ሰቀለ። በመጨረሻ የጣራውን መብራት ክዳን ፈታ። ከጨርቁ በላይ ያለውን ባዶ ብረት በሜትር ለክቶ በእርሳስ መስቀልኛ ምልክት አደረገ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና መሰርሰሪያውን አነሳ።

«ምንድነው እሱ?»

«የአንቴናው ቦታ።»

«ልትበሳት ነው?»

«አንቴና መሃል ላይ ሲቆም ለአራቱም ማዕዘን እኩል ይናገራል። ጥግ ላይ ከቆመ ያዳላል።»

«ያዳላ! የማያዳላ ማን አለ?» ሳቀ። «ጋሼ ሙት፣ ላስቲኩ እንኳ ከወንበሯ አልተላጠም። በሙሽርነቷ ጆሮዋን ልትበሳት?» እርሳሱን ከወንድሙ ጆሮ ላይ መንጭቆ አንገቱን ወደ ላይ ሰቀለና ከምልክቱ ሥር ጻፈ፦ መብሳት ክልክል ነው። ከዚያ ፊርማውን አኖረ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ።

ለዚያ ሳቅ እምቢ ያለው ሰው የለም። አስተማሪዎቹ አላሉም፣ ሚስቱም አላለች። ጋሽ ሽቦ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላለም። መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። አንቴናውን ኋላ ጥግ ላይ በብረት ማቀፊያ አሰረው። ሞከረው፤ እንደፈራው ወደ መኪናዋ አፍንጫ አደላ።

«ስማ» አለው። «ራቅ ብለህ ሄደህ ድምፅህ አልሰማ ካለኝ፣ አፍንጫዋን ወደ ቤት አዙራት።»

«እንደ ፈረስ?»

«እንደ ፈረስ።»

በወሩ ከአንድ ሩቅ ሸለቆ ተጣራ። መጀመሪያ ቁርጥርጥ አለ። ከዚያ አጠገቡ የቆመ ያህል ጠርቶ ተሰማ፤ «አዞርኳት ጋሼ! ሰማኸኝ?» ጋሽ ሽቦ ብቻውን በሱቁ ውስጥ ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ሰዉ በዛ። ሚስትየው ተቀመጪ ቢሏትም አትቀመጥም። ትሪ ይዛ ትዞራለች፣ ወንበር ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ትሰበስባለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አንዲት ዘለላ እንባ!» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ። «ባል ነው የሞተባት ዶሮ?»

«ተይ፣ አውቃ ነው። ጠጥቶ መሆኑን ሰምታለች አሉ።»

ጋሽ ሽቦ ሰማ። ወንድሙ ድሮ እውነትም ይጠጣ ነበር። ስንት ጊዜ ከቦይ ውስጥ አንስቶ በትከሻው አምጥቶታል። ከሠርጉ በፊት ግን ለእሷ ማለላት። ከማለላት ቀን ወዲህ አራት ዓመት ባፉ አላዞረም። ይህን ጋሽ ሽቦ እንደ ስሙ ያውቃል። መኪናዋ ለምን እንደዞረችም ያውቃል። ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

አደጋው የደረሰ ዕለት፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ አሮጌ ቴፕ እየበየደ ነበር። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ጋ… ሼ… ጋሼ፣ እ…»

ማይኩን ጨበጠ። «ድምፅህ ይቆራረጣል። አፍንጫዋን አዙር።»

«…ሼ… አል…»

«አልሰማህም። አዙር።»

እንደገና ያው ቁርጥርጥ። እጁ ላይ ሥራ ነበረበት፤ የቀለጠው የብየዳ እርሳስ እየቀዘቀዘ ነው። ተናደደ። «አዙር ስልህ አዙር እንጂ!»

የእሱ አንቴና አሥራ ሁለት ሜትር ምሰሶ ላይ ነው ያለው። ድምፁ እንደደረሰ አልተጠራጠረም። ሬዲዮው ዝም አለ። ጋሽ ሽቦ ወደ ብየዳው ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ጠበቀና «ሥራ ይዞት ነው» ብሎ ሱቁን ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ሽቦ ከቤቱ ጀርባ ቧንቧው ጋ ብርጭቆ ሲያጥብ ሚስትየው መጣች። ውሃው ይወርዳል። አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዋሽተውኝ አያውቁም።»

ሌላ ብርጭቆ አነሳ።

«ጠጥቶ ነበር?»

ብርጭቆውን አለቀለቀ።

«ሰዉ ስለ እኔ የሚለውን እሰማለሁ» አለች። «ያላለቀስኩት ጠልቼው ነው። ሞቶባት የምትጠላ አለች? እኔ አለሁ። በእኔ ምሎ፣ እኔኑ ከድቶ ገደል ገባ እላለሁ። እንባዬ እዚህ ይደርስና ይመለሳል።» ጉሮሮዋን ያዘች።

«አልጠጣም» አለ ጋሽ ሽቦ።

«በምን አወቁ?»

ብርጭቆውን ገልብጦ አስቀመጠ። «እንዲያዞር ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ነገራት። ለመናገር ብዙ ቃል አልፈጀም። አንቴናው ወደ አፍንጫዋ እንደሚያዳላ፣ ድምፁ እንደተቆራረጠ፣ አዙር እንዳለው። መንገዱ ይጥበብ ይስፋ ሳይጠይቅ።

«አንድ ጊዜ ነው ያሉት?»

«ሦስት። በሦስተኛው ተቆጣሁት።»

ግድግዳውን ተደገፈች። «ምን ሊልዎት ነበር የተጣራው?»

«አልሰማሁም።»

ውሃው ወረደ። ከወዲያ ማዶ የለቀስተኛው ጨዋታ ይሰማል።

«የክሬኑ ሰውዬ ጣራ መሃል ነው የሚተከለው ሲል ነበር» አለች። «መሃል ቢሆን ኖሮ ማዞር ያስፈልገው ነበር?»

«አያስፈልገውም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጥግ ላይ ተከሉት?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ነው፦ እምቢ አለኝ። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፤ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ የጣራዋን መብራት ክዳን ፈቶ፣ ይኸው የባልሽ ጽሕፈት፣ ይኸው ፊርማው ማለት ነው። አርባ ዓመት ከእጁ ሥራ ተበላሽቶ ወጥቶ አያውቅም። መልካም ስሙ የቆመው በዚህ ብቻ ነው።

ፊቷን አየ። ከሦስት ቀን በኋላ ገና አሁን ባሏን ይቅር ልትለው ነው።

«ሰነፍኩ» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጣራ መብሳት ጣጣ አለው። ደክሞኝ ነበር። ሰነፍኩ።»

«እሱ እኮ» አለች፤ «ጋሼ የነካው ነገር አይበላሽም ይል ነበር። ለሰው ሁሉ ይል ነበር።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ከዛሬ ወዲያ ይህን ደጅ አይርገጡ።» በቁጣዋ ውስጥ እንኳ አንቱታዋን አልተወችም። እሱን ያሳመመው ያ ነው።

ወደ ቤት ገባች። ወዲያው ጩኸቷ ተሰማ። የባሏን ስም እየጠራች፣ «አንተ አልከዳኸኝም፣ እኔ ነኝ የከዳሁህ» እያለች። ሴቶቹ ተሯሯጡ። ያቺ ያማቻት ጎረቤትም ከሁሉ ቀድማ ሮጠች።

ነገሩ ግቢውን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር!» አለ የሚስትየው ወንድም፣ ያለ ምንም ሹክሹክታ። «ምስኪኑን ጠጪ አስባልነው! ነገ መካኒክ ጠርቼ ከጣራ እስከ ጎማ ነው የማስፈትሻት። ሌላም ጉድ ሳይወጣባት አይቀርም።»

ማንም ተነስቶ ለጋሽ ሽቦ ወንበር አልለቀቀም። እሱም አልፈለገም። በወንበሮቹ መካከል አልፎ መኪናዋ ዘንድ ደረሰ፤ ሸራውን ገለጠና ገባ። ውስጧ አሁንም አዲስ አዲስ ይሸታል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ያለው ላስቲክ ግማሹ አልተላጠም።

የመብራቱን ክዳን በጥፍሩ ፈለቀቀው። ጽሕፈቱ አልደበዘዘም። መብሳት ክልክል ነው። የ«ነው» ጭራ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ስንት ማታ እጁን ይዞ ሊያስተካክልለት ሞክሮ አልተሳካለትም። ከዚህ ሌላ የልጁ ጽሕፈት በእጁ የለም።

አነበበው። አንድ ጊዜ ደግሞ አነበበው። ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ከፊርማው ጀመረ። እርሳስ ነውና በቀላሉ ለቀቀ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋ። የራሱን ምልክት መጨረሻ ላይ አጠፋው። ክዳኑን መልሶ ቀጭ እስኪል ተጫነው።

ሲወጣ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ከጀርባ ቧንቧው አሁንም ይፈስ ነበር። ዞሮ ሄዶ ዘጋው። ጠቁሮ የቀረውን አውራ ጣቱን ግን አላጠበውም፤ በሌላው እጁ ሸፍኖት ከግቢው ወጣ።